ጭቃ ያልነካው የቦይ ጫማ

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው፣ ከሠርግ ተመልሰን ጫማ መወልወል ነው፤ እሱ ግራውን፣ እኔ ቀኙን። ጫማው ማዘጋጃ ቤቱ ለቦይ ጠራጊዎቹ ከአደጋ እንዲጠብቃቸው ያደለው ወፍራም ቦት ጫማ ነበር። ቦይ ግን አይቶ አያውቅም።

አንባቢዬ፣ የአደጋ መከላከያው አደጋ እንዳይደርስበት የሚሳሳ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔ አግብቼው ኖሬያለሁ።

ያን እሑድ የባለቤቴ የሥራ ጓደኛ ኦጁሉ ሲያገባ፣ ጠራጊዎቹ በሙሉ በዚያ በጋምቤላ ሙቀት ቦት ጫማቸውን አድርገው መጡ። ከጫማው ጋር የታደላቸውን ጓንት ያወለቁት ለመብላት ብቻ ነው። ሙሽራውማ ሄልሜቱን ለፎቶም አላወለቀም። የሙሽራዋ እናት ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ሊጨፍሩ ነው ወይስ ድንኳኑን ሊያፈርሱ?» አሉኝ።

ማታ እየወለወልን፣ «ነገ ቦዩ ውስጥ በምን ልትገባ ነው?» አልኩት።

«በነጠላ ጫማዬ ነዋ። ይሄን ጫማ ጭቃ ቢነካው አያሳዝንሽም?»

«እግርህስ?»

«እግር ይታጠባል።»

በማግሥቱ ጭቃው ውስጥ የተቀበረ የዛገ ምስማር ወጋው። እንዳለውም እግሩን ታጠበ፤ ሐኪም ቤት ግን አልሄደም። ጥቂት ቀን ቆይቶ መንጋጋው ተቆለፈ፤ አልተረፈልኝም። ጫማው አንድ ጭረት የለበትም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ሻይ እሸጣለሁ። በነጠላ ጫማ ለመጣ ቦይ ጠራጊ ግን አልቀዳም።