ዓይን የሚያቀኑት ፎቶ አንሺ

ሰው ፎቶ ቤት የሚሄደው ራሱን ለመምሰል ነው የሚል ካለ፣ ፎቶ ቤት ገብቶ አያውቅም። እኛን ጎንደሮችን ተመልከቱ፤ ቤተ መንግሥቱ ደጃችን ቆሞ ሳለ ፒያሳ ሄደን፣ ባሕርና ዘንባባ የተሳለበት መጋረጃ ፊት እንነሳለን። ለመሆኑ ከመካከላችን ባሕር ያየ ማን ነው? ምጽዋ የዘመቱት ልጆች ካልሆኑ ማንም። እነሱም ስለ ባሕሩ ጽፈውልን አያውቁም።

እኔ ግን ራሴን ከመምሰል ያለፈ ጉዳይ ነበረኝ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ታሪክ በማስተምርበት ትምህርት ቤት መስፍን የሚባል የፊዚክስ መምህር ነበር። ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ሊሄድ ሲል፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ለማስታወሻ ፎቶ እንድሰጠው ጠየቀኝ። ደስታዬ አንድ ጉንጭ ሻይ እስክውጥ ቆየ፤ ወዲያው ዞሮ የስፖርት መምህሩንም ጠየቀው። እንግዲህ ከስፖርት መምህሩ ጋር በአንድ ፖስታ ልሸኝ ነው። አፌ ቀኑን ሙሉ ስለ ዓለም አብዮቶች ሲተነትን ይውላል፤ መስፍን ሲመጣ ግን የሚያወጣው “ሻዩ ቀዝቅዟል” ብቻ ነው። ስለዚህ ያልቻልኩትን ፎቶው ይናገርልኝ ብዬ ፒያሳ ፎቶ ቤት ሄድኩ።

ፎቶ አንሺያችን አያ ታደገ መብራት ማስተካከልን እንደ ቅዳሴ ነው የሚያዩት፤ ማሳጠር አይወዱም። አንዱን አምፖል ከግራ፣ አንዱን ለፀጉር ከኋላ አቆሙ። ትልቁ ከቀኝ ነው፤ ነገር ግን መቆሚያው ተሰብሯል። የሰበሩት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ናቸው አሉ፤ የበለጠ ላብራ ብለው ሲጎትቱት። ከዚያ ወዲህ ትልቁን መብራት ባለጉዳይ ለባለጉዳይ ይይዛል፤ የቤቱ ደንብ ነው። አያ ታደገ ወደ ደጅ ብቅ ብለው ተረኛውን ይዘው ገቡ።

ተረኛው መስፍን ነበር። ለፓስፖርት ሊነሳ መጥቶ ነው።

“ሸጋ ቁመት አለህ፤ በል ያዝልኝ” አሉት። ቅረብ ሲሉት ቀረበ፤ አፍንጫዋ ጥላ ጣለባት ሲሉት ዝቅ አደረገ። በትእዛዝ ይሁን እንጂ፣ እንዲያ ትኩር ብሎ ያየኝ ሰው አልነበረም። ምነው አላበሽ አሉኝ አያ ታደገ። ሙቀቱ ነው አልኩ። የምን ሙቀት እንደሆነ አልጠየቁኝም።

“ካሜራውን እይ፤ መብራት ያዡን አትይው” ብለው ጥቁሩን ጨርቅ ተከናነቡ። ዕድሜዬን በሙሉ የታዘዝኩትን የማደርግ ልጅ ነኝ። ያን ጊዜ ግን ዓይኔ ብቻውን አመፀ፤ ልክ ካሜራው ቀጭ ሲል መስፍን ላይ አረፈ። ይኸው፣ ተናገርኩ።

ከዚያ የእሱ ተራ ሆነና መብራቱን ለእሱ ያዝኩ። እንዴት እንደተነሳ አትጠይቁኝ፤ ድፍረቴ አልቆ ስለነበር የማየው ወለሉን ነበር።

ፎቶዬ ታጥቦ የደረሰው መስፍን በሚሄድበት ጠዋት ነው። አያ ታደገ ሲሰጡኝ ፊታቸው በርቷል። “ዓይንሽ ወደ ጎን ሸሽቶብሽ አስደንግጦኝ ነበር” አሉ፤ “ግድ የለም፣ በቀጭን ብሩሽ አቅንቼልሻለሁ።” እሳቸው ዘንድ ሳይጠገን የሚወጣ የለም፤ ጠባሳ ይጠፋል፣ የወለቀ ጥርስ ይተካል። እኔም ቀጥ ብዬ፣ ለሰልፈኞች ንግግር እንደሚያደርግ ካድሬ፣ ፊት ለፊት አፍጥጫለሁ።

ሌላ ለመነሳት ጊዜ የለም። አውቶቡስ ተራ ሮጬ ለመስፍን ሰጠሁት። ብዙ አየው። “ያን ዕለት እኔን ያየሽ መስሎኝ ነበር” አለ፤ ከዚያ ዓይኑን ከፎቶው ወደ እኔ አነሳ። ስለ ብሩሹ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። የወጣው “መልካም መንገድ” ነው። አውቶቡሱ ወደ አዘዞ ቁልቁል ሲወርድ፣ አቧራው እስኪተኛ ቆሜ አየሁ።

አያ ታደገ ሥራቸውን ስለወደዱት ፎቶዬን አሳድገው መስኮታቸው ላይ ሰቀሉት። እኔ አንገቴን ደፍቼ በሥሩ ሳልፍ፣ የፎቶዋ ልጅ የጎንደርን ሕዝብ አንድ ባንድ ፊት ለፊት አፍጥጣ ታያለች። ባለፈው ሳልፍ ጠሩኝና ስለዚያ ሸጋ ልጅ ወሬ እንዳለኝ ጠየቁኝ። የለም አልኩ።

“የሱንም እኮ በብሩሽ ነው ያቀናሁት” አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። “ካሜራውን እይ ስለው መብራት ያዧን ያያል። ያን ዕለት ሁለታችሁንም ምን ነክቷችሁ እንደነበር እንጃ።”