የአዘዞው የማዕበል ሊቅ

ሰማይን በአደራ የተረከበ የሚመስለው አንድ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለው ሰው ነገ ይዘንባል፣ አይዘንብም ብሎ ያበቃል። አዘዞ ግን ክቡር አያ ሰውአገኝ አሉ፤ የእርሳቸው ሥልጣን የሚጀምረው ከውቅያኖስ ወዲያ ነው።

ጎረቤታቸው አናጢው መልካሙ ሳይወድ በግዱ ተምሯል። አትላንቲክ ላይ አውሎ ነፋስ የሚበዛው ከሰኔ እስከ ኅዳር መሆኑን ምስማር እየመታ ሰምቷል። የፊሊፒንስ ባሕር ዓመቱን ሙሉ እንደማይታመን፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ደግሞ እንደሚብስበት ምሳውን ሲበላ ተነግሮታል። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት "ማክሰኞ ከባድ ማዕበል ይገባል" ቢሉ፣ እድርተኛው ድንኳኑን በጥድፊያ ነቅሎ ሐዘንተኞቹን ጠባብ ቤት ውስጥ አጨናነቀ። ማክሰኞ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር።

"እኔ ያልሁት ጃፓንን ነው" አሉ አያ ሰውአገኝ፣ ቅር ብሏቸው።

ሰፈሩ ይሥቃል፤ መልካሙ ግን ነገሩ ከየት እንደመጣ ያውቃል። ልጃቸው ምስጢር የመርከብ ምሕንድስና ተምራ የጭነት መርከብ ላይ ትሠራለች። አባት ከጣና በቀር ባሕር የሚባል አላዩም፤ እርሷ የረገጠችውን ውቅያኖስ ሁሉ ግን ክፉ ወሩን ለይተው ያውቃሉ።

ባለፈው ሐምሌ ምስጢር ፊሊፒንስን ልናልፍ ነው ብላ ደወለችና ሦስት ቀን ድምጿ ጠፋ። አያ ሰውአገኝ ስልኩን ጨብጠው ቁጭ አሉ፤ ስለ የትኛውም ባሕር ማውራት ተዉ። መልካሙ ስንት ዓመት ያማረረው ወሬ ሲቀርበት መዶሻውን እያሳረፈ ወደ ደጃቸው ያዳምጥ ጀመር። በሁለተኛው ቀን ሊቁ ያልተነበዩት በረዶ ከነነፋሱ አዘዞ ላይ ወረደና የቤታቸውን ቆርቆሮ ግማሹን ገንጥሎ ጣለው።

በማግስቱ መልካሙ ሳይጠሩት መሰላሉን ይዞ ጣራ ላይ ወጣ። ገና ጥቂት ምስማር እንደመታ ከታች የአያ ሰውአገኝ ስልክ ጮኸ። ምስጢር ነበረች። መርከቧ ማዕበሉን ሽሽት ወደ ደቡብ ዞራ ኖሮ ኔትወርክ አላገኘችም። የራሷን ነገር በአጭሩ ተናግራ ስለ ቤቱ ጠየቀች፤ ጎንደር አካባቢ በረዶ ጣለ ሲባል ሰምታ ተጨንቃለች።

አያ ሰውአገኝ ጭቃ በሆነው ወለል መካከል ቆመው በተገነጠለው ጣራ በኩል ቀና አሉ።

"እዚህማ ሰማዩ ሸጋ ነው፣ ልጄ። እኛን ምንም አልነካን።"

ካፊያ ጀምሯል። መልካሙ ያነሣውን መዶሻ ቀስ ብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። እኒህን ሽማግሌ ይህን ያህል እንደሚወዳቸው እስከዚያች ሰዓት አላወቀም ነበር። ምስጢር አውርታ እስክትጠግብ ድረስ፣ ቆርቆሮው እንዳይንኳኳ ሳይነቃነቅ፣ ዝናብ እየመታው ተቀመጠ።