ጠቅላይ መምሪያው ቤቴ መጣ

ትናንት ሽሮዬን ጥርግ አድርጌ በልቼ ጋደም ከማለቴ፣ በሕልሜ የጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ቤቴ ድረስ መጥቶ በር አንኳኳ።

ቤታችን ከመምሪያው ጀርባ፣ አጥሩን ተጠግታ ነው ያለችው። የሕንፃውን ትልቅ ቅስት በጥርብ ድንጋይ የሠራው አባቴ ነው። እኔ ግን ሽማግሌ እስክሆን ድረስ ጠጋ ብዬ አላየሁትም። በፊት ለፊቱ መንገድ ሳልፍ ቀና ካልኩ ዘበኛው «አትመልከት! በዚያ ማዶ እለፍ!» ይለኛል። ሳልሞት ያን ቅስት አንዴ በእጄ ብነካው ሌላ ምኞት የለኝም።

በሕልሜ ዘበኛው እኔ ነበርኩ። ጄኔራሎች ደጄ ላይ ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ። አንዱ አንገቱን አስግጎ ወደ ማድ ቤቴ አጮለቀ።

«አትመልከት! በዚያ ማዶ እለፍ!»

«ይቅርታ ጋሼ፣ ድስቱን ብቻ ነው ያየሁት።»

«ድስቱ ምስጢር ነው!»

ለካ ሥልጣን እንዲህ ይጣፍጣል!

ወዲያው ሕንፃው ራሱ ጎንበስ ብሎ ገባ። ባለቤቴ አሰገደች በርጩማ ሰጠችው። በርጩማው ቻለው። ጤናውን ጠየቅነው።

«ወገቤን ያመኛል» አለ። «ስወለድ የበቅሎ ጋጣ ነበርኩ። ጣሊያን ፎቅ ጫነብኝ። በንጉሡ ጊዜ በረንዳ ቀጠሉልኝ፣ በደርግ ጊዜ ሆዴን ቀደው ምድር ቤት ቆፈሩ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ ቀለም ብቻ ነው የሚቀባኝ። ደህና አድርጎ የሠራኝ አባትህ ነው።»

«እባክህ ቅስቱን አሳየኝ።»

«ይዤልህ መጥቼ የለ እንዴ!»

ቅስቱ ምድጃችን አጠገብ ቆመ። ኮሎኔሎች ጫማቸውን እያወለቁ በሥሩ ያልፋሉ። የአባቴ መሮ የተወው ጭረት ሳይቀር ይታያል። እንባዬ መጣ። እጄን ዘረጋሁ፤ ልነካው ትንሽ ሲቀረኝ፣

«ተነስ እንጂ አንተ ሰው!»

አሰገደች ትወዘውዘኛለች። ነግቷል። ደጃፋችን ላይ አንድ አሥር አለቃ ቆሟል፤ ከኋላው ወታደሮች አዲስ አጥር ያጥራሉ።

«አባባ፣ የመምሪያው ግቢ ሰፍቷል። ቤትዎ ውስጥ ገብቷል። ዛሬውኑ መልቀቅ አለብዎት።»

አሰገደች «የት አባታችን እንግባ!» ብላ እሪ አለች። እኔ ወደ አሥር አለቃው ጠጋ አልኩ።

«በየት በኩል ነው የምንወጣው?» አልኩት።

«የኋላው መንገድ ታጥሯል። በሕንፃው ነው፣ በቅስቱ ሥር።»

«እዚያ ቆም ማለት ይፈቀዳል?»

ልጁ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መቆም ክልክል ነው። ግን ሸክም የከበደው ሰው አረፍ ቢል ማን ይናገረዋል?»

«አሰገደች!» አልኩ፣ «የወፍጮውን ድንጋይ እኔ ነኝ የምሸከመው!»