በእልልታ የጠፋው ቃል

አንድ ጊዜ ያለ ጊዜው አጨብጭቤአለሁ። በምሠራበት መሥሪያ ቤት ሥራን በራሱ የሚያዝ ፕሮግራም በገዛ ኮምፒውተሮቻችን ላይ ሲተከል፣ ተካዩ ንግግሩን ሳይጨርስ እጄን ያነሣሁት እኔ ነኝ። አዳራሹም ተከተለኝ። ከዚያ በኋላ እልፍነሽ በምትባል ባልደረባዬ ላይ የደረሰውን በቀጥታ ለመናገር ድፍረት ስላጣሁ ተረት አድርጌዋለሁ። የላም በረት ብላችሁ ተቀበሉኝ፤ የዚህ በረት በረኛ ግን ቅል ነው።

በአንድ ጫካ ውስጥ ብዙ አራዊት በሰላም ይኖሩ ነበር፤ በሰላም ሲባል እየተሰዳደቡ ማለት ነው። ጫካው አንድ በር ነበረው። በሩን በየተራ ይጠብቁ ነበር። ጎሽ ተራው ሲደርስ ያንቀላፋል፤ ጃርት ተራዋን ትረሳለች፤ ኤሊም ለተራዋ ስትነሣ ቦታው የምትደርሰው ተራው የሌላ ከሆነ በኋላ ነው። ቢሆንም አያ ጅቦ ብቅ ባለ ጊዜ አንዱ ይጮሃል፤ ሁሉም ግር ብሎ ይወጣል። ጎሽ በቀንዱ፣ ጃርት በእሾኋ፣ ኤሊም በስድቧ ይረዳዱ ነበር። ጅቡ ጅራቱን ወሽቆ ይመለሳል።

በዚያ ጫካ ጅግራና ሽኮኮ የልብ ወዳጆች ነበሩ። ጅግራ መስክ ለመስክ ስትለቅም ሽኮኮ እንቁላሎቿን በድንጋይዋ ሥር ትሸሽግላት ነበር። ጅግራ ወሬ ትወድዳለች፤ ሽኮኮ ማዳመጥ ትወድዳለች፤ ስለዚህ ተጣልተው አያውቁም።

አንድ ቀን ሊቁ ጉሬዛ ከሌላ ጫካ መጣ። ጉሬዛ ሲወለድ ጀምሮ ነጭ ካባ ለባሽ ነው። ካባ የለበሰ ሁሉ የተመረቀ ስለሚመስል የት ተማርክ ያለው አልነበረም።

«በየተራ መጠበቅ የኋላ ቀር አሠራር ነው» አላቸው። «በሄድኩበት አገር ሁሉ ሥራ ለየቅል ሆኗል።»

«ለየቅል ስትል?» አለ የጉባኤው ሰብሳቢ ጎሽ።

«ለየቅል ማለት ለየቅል ነዋ! አንድ ሥራ፣ አንድ ቅል። ቅሎቹን በሩ አጠገብ ባለው ዋርካ ላይ አንጠለጥላለሁ። በየቅሉ አንድ ጠባቂ ይቀመጣል። ከላይ በቀቀን ይሆናል። እናንተ አንዴ ‘በበሩ ላይ ሦስት ጠባቂ ይኑር’ ትሉታላችሁ፤ እሱ አይረሳም፣ አያንቀላፋም። አንድ ጠባቂ ከጎደለ ይጣራል፤ ጦጣዎች ወዲያው ሌላ ይከታሉ። እናንተ ምንም አታደርጉም።»

«ምንም?» አለ ጎሽ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ምንም።»

«ቅሉ ውስጥ የሚገባውስ ማን ነው?» አለች ኤሊ።

«የበቃው ሁሉ።»

የዚያ አገር ቅል ትልቅ ነው፤ ጥንቸል ብትገባበት ጆሮዋ ብቻ ይታያል። ጎሽ አንድ ሰኮናውን አስገብቶ አወጣና በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «እኔማ ማገልገል ፈልጌ ነበር፤ ቅሉ ከለከለኝ።» ጃርትም «የእኔ እሾህ ቅሉን ይበሳዋል፤ የጋራ ንብረት ነው» አለች። ኤሊ ደግሞ «እኔ የራሴ ቅል አለኝ» አለች። ስለዚህ ለአገልግሎቱ የታደሉት ትንንሾቹ ብቻ ሆኑ።

ተከላው ተጀመረ። ጉሬዛ አንድ ነገር በጠየቀ ቁጥር ጉባኤው «አዎ!» ይል ነበር። «ሐረጉ ይታሰር?» «አዎ!» «ጦጣዎች ያለ ፈቃድ ማንንም ማንሣት ይችላሉ?» «አዎ!» «ሁሉን ሰምታችሁ ተስማምታችኋል?» «አዎ! አዎ!»

ጦጣዎች አንዱን ቅል ሲሰቅሉ ሌላው ዱብ ይላል፤ ያንን ሲያነሡ ይኼኛው ይወድቃል። ጎሽ «ምን ላይ ደረሰ?» ይላል። ጉሬዛ «እየተተከለ ነው» ይላል። ቅል የጎሽ ግንባር ላይ ወደቀ። «አሁንስ?» አለ ጎሽ ግንባሩን እያሻሸ። «አሁንማ መውረዱን ጨርሷል፤ የቀረው መሰቀሉ ነው።»

በመጨረሻ ሦስቱም ቅሎች ጠባቂዎቻቸውን እንደያዙ ሳይወድቁ ተንጠለጠሉ። በቀቀን ከላይ ሆኖ «ሦስት ናቸው! ሁሉ ደህና ነው!» ብሎ ጮኸ። ምርቃት ሆነ፤ ጎሽ የሐረግ ጥብጣብ በቀንዱ ቆረጠ። ጉሬዛ እጁን አነሣ።

«አንድ ነገር አድምጡኝ» አለ። «በቀቀኑን የሚያስቆመው አንድ ቃል ብቻ ነው። ያንን ቃል አሁን አንድ ጊዜ እናገራለሁ፤ አልደግመውም። ቃሉም—»

ጅግራ ከፊት ቆማ ነበር። ቅሎቹ በፀሐይ እያብለጨለጩ ሲሽከረከሩ አየች፤ ልቧ ፈነደቀ፤ መታገሥ አቃታት።

«እልልልልል!»

ጫካው ተቀበላት። አጨበጨቡ፣ አናፉ፣ አጓሩ፣ እግራቸውን መሬት ደበደቡ። ጅግራ እልልታውን ሳታቋርጥ የጉሬዛን ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየችው። እሱም የሰሙት መስሎት እጅ ነሣና ካባውን ሰብስቦ ሄደ።

አያ ጅቦ በማግስቱ መጣ። ከቅሉ ውስጥ ጥንቸል ጮኸች። ግን የወጣ አልነበረም፤ ጥበቃው የቅሉ ሥራ ሆኗላ! ጅቡ ግራና ቀኝ አየ፤ አፍንጫውን ወደ ቅሉ ሰደደ፤ ማር እንደሚቆርጥ ሰው ጥንቸልን አወጣና ዋጣት።

«ሁለት ናቸው! ሦስት ይሁኑ!» አለ በቀቀን።

ጦጣዎች ፍልፈልን ከጉድጓዱ መንጭቀው ቅሉ ውስጥ ከተቱ።

«ሦስት ናቸው! ሁሉ ደህና ነው!»

ጅቡ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያም፣ ለመሞከር ያህል፣ ፍልፈልን በላው። ሌላ ገባ። ጅቡ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ። «እኔ ስበላ እነሱ ይሞላሉ! ኧረ እናቴ ይህን ሳታይ ሞተች!»

ድሮ በጨለማ ተደብቆ ይመጣ የነበረው ጅብ በጠራራ ፀሐይ ይመጣ ጀመር። ጅብ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚለው በማያውቁት አገር ነበር፤ አሁን በሚያውቁት አገር ጠየቀ፤ ተነጠፈለት። ጦጣዎች ትንሽ ከዘገዩ «ምን ዓይነት አሠራር ነው?» ብሎ ይቆጣ ነበር። ጉባኤው በተሰበሰበ ቁጥር ጎሽ «ጥበቃው እንዴት ነው?» ይላል፤ በቀቀን «ሦስት ናቸው!» ይላል፤ ጉባኤው ያጨበጭባል። የሚያጨበጭቡት እጆች ከቀን ወደ ቀን ማነሳቸውን ያስተዋለ አልነበረም፤ ያስተዋሉትም ቅል ውስጥ ነበሩ።

አንድ ጠዋት በቀቀን «ሽኮኮ!» ብሎ ተጣራ።

ጅግራ ላባዋ ቆመ። እየበረረች ጎሽ ዘንድ ሄደች። «አያ ጎሽ፣ አስቁሙት!»

«እኔ አላዝዘውም፤ ቃሉን የያዘ ያስቁመው። ቃሉን ማን ይዟል?»

ሁሉም ተያዩ። ሁሉም ሌላው የሰማ መስሎት ኖሯል። ወደ ዋርካው ሮጡና አፋቸው ያመጣውን ይወረውሩ ጀመር። «በቃ!» «ተው!» «ቁም!» «ዝም!» «በእናትህ!» በቀቀን እያንዳንዱን በጥሞና ሰምቶ «አይደለም» ይላል። ጃርት ስድብ ሞከረች፤ «እሱም አይደለም» አላት። ኤሊ ስድቧን ጀምራ ገና መሐሉ ላይ ነበረች።

ጅግራ ጉሬዛን ፍለጋ ወደ ጎረቤት ጫካ በረረች። ጉሬዛ እዚያም ቅል እየሰቀለ ነበር።

«ሊቁ፣ ቃሉን ንገሩኝ! ወዳጄ ልትበላ ነው!»

«ነግሬአችኋለሁ እኮ፣ እመት ጅግራ።»

«አልሰማንም!»

«በየጫካው ሌላ ቃል ነው፤ ከተናገርኩት በኋላ እኔም እረሳዋለሁ። ደንቡ እንዲያ ነው።» ጉሬዛ ትክ ብሎ አያት። «ያን ቀን ከፊት የነበርሽው አንቺ አይደለሽም? እንዴት ያለ እልልታ ነበር! እንደዚያ የተከበርኩበት ጫካ የለም።»

ጅግራ ስትመለስ ጦጣዎች ሽኮኮን ተሸክመው ዋርካው ሥር ደርሰው ነበር። ጅቡ ቁርበቱ ላይ ተቀምጧል።

«እኔን አስገቡኝ! እኔም እበቃለሁ!» አለች ጅግራ።

«የተጠራችው ሽኮኮ ናት» አለ በቀቀን።

ጅግራ ዙሪያውን አየች። «ኧረ እንደ ድሮው እንውጣ! ሁላችንም!» ጎሽ ቀንዱን ነቅነቅ አደረገና ተወው። መውጣት ረስቶ ነበር።

«እንቁላሎችሽ ከትልቁ ድንጋይ በስተግራ ናቸው» አለች ሽኮኮ። «አለባብሼአቸዋለሁ።»



ጦጣዎች ሽኮኮን ከቅሉ ጨመሯት። በቀቀን «ሦስት ናቸው! ሁሉ ደህና ነው!» አለ። ሽኮኮ አንገቷን ከቅሉ አፍ ብቅ አድርጋ ወዳጇን ፈለገች።

«ጅግራዬ» አለቻት፣ «ምነው ዝም አልሽ? እልል በይልኝ እንጂ።»

የእኛ ፕሮግራም የእልፍነሽን ስም በየቀኑ ለሌሊት ፈረቃ ሲጠራ፣ ሲጠራ፣ የሚያስቆመውን ቃል የያዘ አልተገኘም። እልፍነሽ ሥራውን ለቀቀች፤ ልትሰናበተኝ ስትመጣም ዝም አልኩ። ስለዚህ ተረቴን አትመልሱልኝ፤ አፌንም በዳቦ አታብሱልኝ። ይቅር በሉኝ።