እናኑ ጆሮዋን ነካች

እስቲ ቀኝ እጃችሁን በአናታችሁ ላይ አሳልፋችሁ የግራ ጆሯችሁን ንኩ። አትፈሩ፣ ማንም አያያችሁም። ነካችሁ? እንኳን ደስ አላችሁ፣ ዕድሜያችሁ ለአንደኛ ክፍል ደርሷል።

የዛሬ ልጆች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። ይሳቁ። እነሱ የተወለዱበት ሰዓት ሳይቀር በወረቀት ተጽፎ ይሰጣቸዋል። ያኔ በደርግ ዘመን፣ እኛ ቢቸና ላይ፣ የልደት ወረቀት ያለው ልጅ አይቼ አላውቅም። ልጅህ መቼ ተወለደ ሲባል «ያ ትልቁ በረዶ የጣለ ጊዜ» ነው መልሱ። የትኛው ትልቅ በረዶ? እሱን ደግሞ ጎረቤት ይከራከርበታል። ስለዚህ ትምህርት ቤቶች የሚያምኑት ክንድን ነበር። ክንዱ ጆሮው ላይ የደረሰ ይገባል፣ ያልደረሰ ለከርሞ ይመለሳል። ክንድ አይዋሽም ይሉ ነበር። እኔ ግን እንደሚዋሽ አውቃለሁ፤ እንዲዋሽ ያሠለጠንኩት እኔው ነኝና።

ያን ጊዜ አውራጃው ጽሕፈት ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነበር የምሠራው። ባለቤቴ ጥሩወርቅ የሞጣ ልጅ ናት፤ ጤና ጣቢያ በረዳትነት ትሠራለች። አንዲት ልጅ አለችን፣ እናኑ። አራት ዓመቷን ጨርሳ አምስተኛውን ጀምራለች። ቀን ቀን የምትጠብቃት የዘመድ ልጅ ነበረች፤ እሷም ከፋሲካ በኋላ ባል አግብታ ጉንደ ወይን ሄደች። ከዚያ በኋላ ያለውን መከራ አትጠይቁኝ። እናቷ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ በሦስተኛው ቀን ወረፋ ለሚጠብቅ በሽተኛ ሁሉ «አንተ መርፌ ነህ፣ አንቺ ኪኒን ነሽ» እያለች ስትመድብ ተገኘች። አንድ ሽማግሌ አምነዋት ሱሪያቸውን መፍታት ጀምረው ነበር አሉ። እኔም ቢሮ ወሰድኳት። ማኅተሙን አግኝታ ሆዷን አተመች። የአውራጃ ማኅተም እኮ ነው!

ይህን ወሬ ማን ሞጣ እንዳደረሰው አላውቅም። አማቴ እትዬ ሙሉ ላኩብን። እትዬ ሙሉ ሞጣ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ሲናገሩ ከገበያው ወዲያ ማዶ የሚሰሙ ሴት ናቸው። ልጅቷን ስጡኝ፣ ለአንደኛ ክፍል እስክትደርስ እኔ ዘንድ ትደግ፣ መስከረም ላይ መጥቼ እወስዳታለሁ አሉ። ጥሩወርቅ ዝም አለች። የጥሩወርቅ ዝምታ እሺታ መሆኑን አግብቻት ውዬ አድሬ የተማርኩት ነገር ነው።

እኔስ? ምን አፍራለሁ፣ ልንገራችሁ። ያቺን ልጅ ሳላይ መዋል አልችልም ነበር። ከሥራ ስመለስ ደጅ ላይ ጠብቃ ኪሶቼን አንድ በአንድ ትፈትሻለች። ምንም ባይኖርባቸውም ትፈትሻለች። አንዳንድ ቀን ለዚያ ፍተሻ ስል ብቻ መንገድ ላይ ጠጠር አንስቼ ኪሴ እከት ነበር። ሞጣ ሩቅ አይደለም ትሉኝ ይሆናል። ክረምት ላይ በዚያ ጭቃ ሂዱና ንገሩኝ።

በዚህ መሐል ነው ቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ሊከፍት ነው የተባለው። ከአንድ ባላባት የተወረሰ ቤት ነጭ ኖራ ተቀባ፣ ግድግዳው ላይ ሰጎን የመሰለች ዶሮ ተሳለች። ቦታው ጥቂት ነው፣ ልጆች ይፈተናሉ፣ ተባለ። ምን እንደሚፈተኑ የነገረን የለም። እኛም አልጠየቅንም። ምን ይጠየቃል? ክንድ ነዋ!

ሥልጠናው በማግስቱ ተጀመረ። ጠዋት ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት፣ እናኑን በርጩማ ላይ አስቀምጬ «ቀኝ እጅ ወደ ላይ!» እላለሁ። የመጀመሪያው ቀን ጣቷ ግንባሯ ላይ ቀረ። ክንዷን በቅቤ አሸሁት። ጥሩወርቅ ስታየኝ፣ ክንድ በቅቤ የሚረዝም ቢሆን ኖሮ ጤና ጣቢያው በቅቤ ይሞላ ነበር አለችኝ። አልሰማኋትም። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤታችን የቅኔ መምህር የኔታ ሲያልፉ አዩን። ቆመው ትንሽ ተመለከቱና፣ የከለከላት ክንዷ ሳይሆን ጸጉሯ ነው አሉኝ። እውነትም ሹሩባው ሁለት ጣት ያህል ከፍታ አለው። በዚያው ቀን አስላጨኋት። ጥሩወርቅ ከሥራ ስትመለስ ልጇን አይታ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ቢሮም ሥራ አልሠራሁም። ራስ በየት በኩል ቢያዘነብል ይሻላል የሚለውን ለማጥናት ባልደረቦቼን አስቸገርኩ። አንድ ቀን ታይፒስቷ፣ ሒሳብ ሹሙና ተላላኪው ሁሉም እጃቸውን በአናታቸው ላይ አሳልፈው ጆሯቸውን ይዘው ሳለ የፖለቲካ ኃላፊው በሩን ከፍቶ ገባ። ማንም እጁን ለማውረድ አልደፈረም፤ ማውረዱ ጥፋት መስሎ ይታያላ! ሰውየው አየን፣ ግድግዳውን አየ፣ እሱ ያልደረሰው አዲስ መመሪያ እንዳለ ጠረጠረ መሰለኝ። ቀስ ብሎ እጁን አነሳና ጆሮውን ነካ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ወጣ። በኋላ መመሪያው በስንት ቁጥር እንደመጣ ለማጣራት መዝገብ ቤት ሰው ላከ። መዝገብ ቤት ደግሞ እኔ ነኝ።

ብቻ ተሳካ። በነሐሴ መጨረሻ እናኑ አንገቷን ትንሽ ሰበር አድርጋ ጆሮዋን ጭብጥ ታደርገው ጀመር። ከሕልሟ ቀስቅሳችሁ ብታዝዟት ትነካለች።

የፈተናው ቀን ዋዜማ እትዬ ሙሉ በኤን ትሬ የጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጠው ከሞጣ ደረሱ። የልጅቷን ቀሚስ፣ ጋቢ እና ጫማ አዘጋጅተው ነበር የመጡት። ቦታ ካገኘች ጥሩ፣ ካላገኘች ሰኞ ይዣት እሄዳለሁ አሉ። የልጄን የተላጨ ራስ ሲያዩ ግን፣ ካገኘችም እወስዳታለሁ ለማለት ትንሽ ነበር የቀራቸው።

በማግስቱ ቅዳሜ ተሰልፈን ቆምን። እትዬ ሙሉም መጥተዋል። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው መምህርት ደብረ ማርቆስ ሠልጥና የመጣች ወጣት ናት። እኛ የመጀመሪያዎቹ ነበርን። መምህርቷ ስሟን ጠየቀቻት፣ ተናገረች። ቀጥላ በቀኝ እጇ የግራ ጆሮዋን እንድትነካ አዘዘቻት። እናኑ ቃሉ ሳያልቅ ጭብጥ! መምህርቷ ትክ ብላ ስታያት ልጄ ያልረካች መስሏት፣ ከፈለጉ በዚህኛውም እችላለሁ ብላ በግራ እጇ የቀኝ ጆሮዋን ደገመችላት። እኔ በኩራት ወደ ኋላ ዞሬ ሰልፉን አየሁ።

ፊቴን ስመልስ መምህርቷ ስሟን በመስመር እየሰረዘች ነው።

«ጓድ፣ ይቺ ልጅ አልፋለች» አለችኝ።

«አዎ፣ አለፈች» አልኩ ደስ ብሎኝ።

«ዕድሜዋ አልፏል ማለቴ ነው። ጆሮዋን የምትነካ ልጅ ለአንደኛ ክፍል ናት። እኛ የምንቀበለው ያልደረሱትን ነው። ይቺ ሰባት ዓመቷ ነው።»

ምን ልበላችሁ? ከኋላዬ ያሉት አባቶች ሰምተዋል። ለካ ስታሠለጥን የከረመችው ከተማዋ በሙሉ ኖራለች! «አትንካ! እንዳትነካ!» የሚል ሹክሹክታ እስከ ሰልፉ ጫፍ ሄደ። አንዱ ልጅ፣ ከነካህ ከረሜላ እገዛልሃለሁ አላልከኝም ወይ ብሎ ማልቀስ ጀመረ። እኔም መለመን ያዝኩ። አራት ዓመቷ ነው፣ አሠልጥኛት ነው፣ ቅቤ ቀብቼ ነው አልኩ። መምህርቷ፣ ስለ ልጁ ዕድሜ የማይምል አባት የለም አለችኝ። ዞሬ አማቴን አየሁ። አለቀ፣ ሰኞ ጋቢናው ውስጥ እናኑ ትቀመጣለች፣ እኔ ኪሴን የሚፈትሽልኝ አጥቼ እቤቴ እገባለሁ አልኩ በልቤ።

እትዬ ሙሉ ግን ፈገግ አላሉም። በጣታቸው እየቆጠሩ ነበር።

«ስንት አልሽ አንቺ ልጅ?» አሉ።

«ሰባት፣ እማማ።»

«ሰባት? ልጄን ሞጣ ላይ የዳርኩት በጥር ነው፣ ገና ስድስት ዓመት አልሞላውም! ድንኳኑ እኔ ደጅ ነው የተተከለ! እንግዲያ ልጄ ሳታገባ ወልዳ ነው የመጣች? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?»

የሞጣ ገበያ በሙሉ የሚሰማው ያ ድምፅ ቢቸና ላይ ተለቀቀ። መምህርቷ ኧረ እኔ እንደዚያ አላልኩም ትላለች፤ ማን ሰምቷት! የቀበሌው ሊቀመንበር ሊያረጋጋ ወጣ፤ እሱንም ሰርጉ የተበላበትን ዓመት በአፉ ሳያስደግሙ አለቀቁትም። ሚዜዎቹን በስም ጠሩ። የታረደውን ሰንጋ ቀለም ተናገሩ። «አሁኑኑ ጻፊያት! አራት ዓመት ብለሽ ጻፊያት!» አሉ ጠረጴዛውን እየመቱ። ጻፈቻት። ማኅተምም መታችበት፣ በዚህ ጊዜ ወረቀቱ ላይ።

ከግቢው ወጥተን ጥቂት እንደተራመድን እትዬ ሙሉ ድንገት ቆሙ። ዞረው ኖራ የተቀባውን ቤት አዩት። «ምን አደረግሁ እኔ?» አሉ ቀስ ብለው። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ደስታዬን ለመደበቅ ሌላ ዘዴ አልነበረኝም።

ሰኞ የመጀመሪያው ቀን ነበር። ወላጆች ልጆቹን በር ላይ ትተን እንድንሄድ፣ ለቅሶ ብንሰማም እንዳንመለስ ታዘዝን። እሑድን ሙሉ እናኑን ሳዘጋጃት ዋልኩ። አታልቅሺ፣ አባዬ ቶሎ ይመጣል፣ ብትፈሪም አይዞሽ አልኳት። እሺ አለችኝ። ለራሴም ወደ ኋላ ላለመዞር ማልኩ። በሩ ላይ ስንደርስ ግን እጄን ለቃ ሮጠች። አልዞረችም። አንዴም!

ፈቃድ ወስጄ ስለነበር ከአጥሩ ኋላ ቆሜ ዋልኩ። ያ ሁሉ ልጅ ይጮኻል፤ እኔ ከጩኸቱ መሐል የልጄን እፈልጋለሁ። የለም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፋኝ። እንባዬ መጣ። አጠገቤ የቆሙት እትዬ ሙሉ አይተው እንዳላዩ ሆኑልኝ፤ እግዜር ይስጣቸው።

ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። እናኑ ጭቃ ለብሳ፣ ሁለት ጓደኛ ይዛ መጣች። እጄን ዘርግቼ ተንበረከክሁ። ኪሴን እንድትፈትሽ ከረሜላ ሳይቀር ከትቼ ነበር። ወደ ኪሴ ዘወር ብላም አላየች።

«አባዬ፣ እዚህ ማደር አይቻልም?» አለችኝ።

እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ ወደ መኪናቸው መንገድ ሲጀምሩ እንዲህ አሉኝ፦

«አየህ ልጄ፣ እኔ ወስጃት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ታለቅስልህ ነበር።»