ክቡር ካፒቴንና የሚያንጠባጥበው ፓምፕ

«አንዴ ደግሜ ልየው» የሚል ሰው የሌለበት ቤት የለም። በሩን ቆልፎ፣ መንገድ ጀምሮ፣ ተመልሶ እጀታውን ይነቀንቃል። ምድጃውን አጥፍቶ ከተኛ በኋላ ብድግ ብሎ ያረጋግጣል። የታሪካችን ሚስት እንዲህ ያለውን ሰው አገባች፤ እሱ ደግሞ ይባስ ብሎ ጓሮ ውስጥ አውሮፕላን መሥራት ጀመረ።

ጎረቤት «ክቡር ካፒቴን» ይለዋል። ክቡርነታቸው ግን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብለው አያውቁም። ክንፉን ሲጨርሱ «አንዴ ደግሜ ልየው»፤ ሞተሩን ሲገጥሙም ያችው ናት። «ይቺን ቃል ስሰማ ጥርሴን ያመኛል» ትላለች ሚስት እየሳቀች። ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነው፤ አንድ ቀን የሚያየው ነገር አልቆበት እንዳይበር ትፈራለች።

በመጨረሻ የቀረው የእጅ ፓምፑ ነው። ከመቀመጫው አጠገብ ያለውን እጀታ ሲገፉና ሲስቡ ዘይቱ ጎማዎቹን ገፍቶ ያወርዳል። ፓምፑ ግን ያንጠባጥባል። ዘይቱ ካለቀ ጎማ አይወርድም፤ ጎማ ካልወረደ ማረፍ በሆድ ነው። ይህን ካስረዳት ጀምሮ እንቅልፍ የላትም።

የቧንቧውን ማሰሪያ አጠበቀ፤ ፍሳሹ አልቆመም። ዘይቱን የሚያግደውን የላስቲክ ቀለበት፣ ጎሚኒውን፣ ቀየረ፤ ጥቂት ቆሞ እንደገና ጀመረ። ፓምፑን በታትኖ ዘንጉን በጥፍሩ ሲዳብስ ጭረት አገኘ፤ ለካ ጎሚኒውን የሚበላው እሱ ኖሯል። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ ገጣጠመው፣ ዘይት ሞላ፣ ከሥሩ ነጭ ጨርቅ አነጠፈ።

«ጨርቁ ደረቅ ካደረ ነገ እበራለሁ።»

ጠዋት ጨርቁ ጠብታ አልነበረበትም። ክቡርነታቸው ዕድሜ ልካቸውን ያሏትን ቃል ረሱ። ኮፍያቸውን ደፍተው ከጓሮው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ሞተሩን አስነሱ።

ሚስት ልብስ ልታጥብ ተቀምጣለች። ከክምሩ መሐል ዘይት የጠጣ ጨርቅ እጇ ላይ መጣ። ማለዳ እሱ ሳይነሳ ጓሮውን ስትጠርግ፣ ቆሻሻ ማየት አትችልምና፣ ከፓምፑ ሥር እሱን አንስታ በቦታው ንጹሕ ተክታ ነበር።

 እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። አንድ ጫማዋን ጥላ እየጮኸች ሮጠች፤ ሞተሩ ድምፅዋን ዋጠው። አውሮፕላኑ መንከባለል ጀምሯል። ሜዳው መሐል ቆማ ጨርቁን አውለበለበች። ሞተሩ ጠፋ።

«አብደሻል? ብገጭሽስ!»

«የቀየርኩት እኔ ነኝ! ቆሽሾ ነበር… እኔ ነኝ!» አለች እያለቀሰች።

ጨርቁን ተቀብሎ አገላብጦ አየው።  ፓምፑን ሲፈታ ነገሩ ተገለጠ፤ ዘንጉን አለስልሶ፣ የተበላውን ጎሚኒ መልሶ ገጥሞታል። አዲስ አስገባ፣ ዘይት ሞላ፣ አጠበቀ። ከዚያ መፍቻውን መሬት ላይ አኖረ።

አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ያችን የምትጠላትን ቃል ጠበቀች። ቃሏ ግን አልመጣችም። ቢቸግራት እጅጌውን ሳብ አደረገችው።

«በናትህ» አለችው፣ «አንዴ ደግመህ እየው።»