ሎርዱና የሲልቨር ስፕሪንግ ዕድር

ደክሞኛል። ይህን አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። እንዴት ነህ ሲሉኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ። ሥራው እንዳይመስላችሁ ያደከመኝ፤ ሥራ ያላደከመው ማን አለ? እኔን ያደከመኝ ወንበር ነው። መቶ ሃያ የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ድንኳን፣ ስድስት ትልልቅ ድስት ጋራዤን ሞልተውት መኪናዬ ውጭ በረዶ ላይ ያድራል። ለምን አትሉኝም? የዕድር ሊቀመንበር ነኛ!

እዚህ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከእኛ አባላት አንዱ ሲያርፍ የሚደወለው ለእኔ ነው። ቀብር ከሆነ ቀብሩን፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት መሸኘት ከሆነም ወረቀቱን የማስጨርሰው እኔ ነኝ። ስመረጥ «ለአንድ ዓመት ብቻ» ነበር የተባልኩት። ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲሆን ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤው ላይ እነሣና አልቻልኩም፣ ጤናዬም ደህና አይደለም፣ ሌላ ሰው ይተካኝ እል ነበር። ጉባኤው ፈገግ ይላል። በእኛ ዘንድ ጨዋ ሰው ሹመት ሲሰጡት እምቢ ማለት አለበት አይደል? እኔ ከልቤ እምቢ ባልኩ ቁጥር «አያችሁ ትሕትናውን!» እየተባለ ይጨበጨብልኛል። አንድ ዓመት ሆን ብዬ ቀረሁ። በሌለሁበት መረጡኝ።

ባለቤቴ አስቴር ሰው አክባሪ ናት፤ ብዙ ቻለች። አንድ እሑድ ግን ልጃችንን ሜሮንን ልንጠይቅ ጌይተርስበርግ ስንሄድ፣ ሜሮን ምሳ ሠርታ እየጠበቀችን፣ መንገድ ላይ ስልኬ ጮኸ። ሰው አርፏል። መኪናውን አዞርኩት። አስቴር ቤት ስንደርስ፣ «ታምሩ፣ ዘንድሮ ካልወረድክ እኔ ሜሮን ጋ እገባለሁ። አንተ ከወንበሮችህ ጋር ኑር» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ አውጥታ በሩ አጠገብ አቆመችው። ለጉባኤው ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ያን ጊዜ እውነቴን ነው፣ ፈራሁ።

አሁን ወደ ሎርዱ ልምጣ። የምተዳደረው በሆም ኬር ነው፤ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄጄ እንከባከባለሁ። ስልካችን ገና ስማርት ባልሆነበት በዚያ ዘመን በቅርባችን ባለችው የአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነበሩኝ። ልጃቸው አሜሪካዊ አግብታ እዚህ ስለቀረች እሷ ዘንድ ነበር የሚኖሩት። ስማቸውን አልነግራችሁም፤ ቤተሰብ አላቸው። ሎርድነታቸው ግን የእውነት ነው፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርደው ዓይነት። አባታቸው ሲሞቱ ገና በሃያ ሦስት ዓመታቸው ማዕረጉን፣ ጣሪያው የሚያፈስ አንድ ትልቅ ቤትና በእንግሊዝ ፓርላማ የላይኛው ምክር ቤት አንድ መቀመጫ ወረሱ። ማንም አልመረጣቸውም። ተወለዱ፣ አባት ሞተ፣ ተቀመጡ፤ በቃ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲቀመጡ የተናገሩት ዘጠኝ ጊዜ ነው። ሰባቱ ስለ ንብ ነበር፤ ንብ ያረቡ ነበራ። ለምን ስላቸው፣ ስለማላውቀው ነገር መናገር አልወድም አሉኝ። ይህን ስሰማ ወደድኳቸው። እንዲህ ያለ ሰው በዕድራችን ቢኖር ስብሰባችን በግማሽ ሰዓት ያልቅ ነበር።

በኋላ አንድ ሕግ ወጣና በውርስ ከተቀመጡት አብዛኞቹን አሰናበተ። የቀሩት ዘጠና ገደማ ነበሩ። ሎርዱ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። እኔ ስምንት ዓመት ለምኜ ያጣሁትን እሳቸው በአንድ ሕግ አገኙት፤ ግን አልተደሰቱበትም፤ እንዲያውም ከቤታቸው የተባረሩ ያህል ነው የተሰማቸው። ሆኖም ሕጉ አንዲት ቀዳዳ ትቶላቸዋል። ከቀሩት አንዱ ሲሞት፣ ከተሰናበቱት ሎርዶች አንዱ በምርጫ ይተካው ነበር። መራጮቹ ራሳቸው ሎርዶች ናቸው፤ በእሳቸው የፓርላማ ቡድን ሠላሳ ገደማ። ተወዳዳሪው ስለ ራሱ መጻፍ የሚፈቀድለት ሰባ አምስት ቃል ብቻ ነው።

ስለዚህ ሎርዱ ከለንደን የሚመጣላቸውን ጋዜጣ የሚጀምሩት ከሙታኑ ገጽ ነው። እኔም ስልኬ በጮኸ ቁጥር «ማን ሞተ?» ነው የምለው። ሁለታችን አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን የሰው ሞት እንጠብቃለን። ሰው ሲሞት እሳቸው ተስፋ ያደርጋሉ፤ እኔ ድስት እጭናለሁ።

ያን ሰሞን ከዘጠናዎቹ አንዱ አረፉ። ሎርዱ ለአራተኛ ጊዜ ሊወዳደሩ ተነሡ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ጸሐፊያቸው እኔ ሆንኩ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ቃሉን እቆጥራለሁ። ንቡ ብቻውን አርባ ቃል ወሰደ። ንቡን ትንሽ ብንቀንሰውስ አልኳቸው። አይሆንም አሉ። የመጨረሻዋን መስመር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም፤ «መመለስ በጣም እፈልጋለሁ» ትላለች። ስጽፋት እኔ አፈርኩላቸው። ሰው እንዴት ሥልጣን ስጡኝ ብሎ በጽሑፍ ይለምናል? የእኛ ሰው ቢሆን መዘባበቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ውጤቱ መጣ። ዜሮ። «ካለፈው አልቀነሰም» አሉኝና መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉት ጀመር። ጠርገው ጠርገው አልጨርስ አሉ።  ሻይ አፍልቼ አጠገባቸው አስቀመጥኩ።

የዚያን ዕለት ወደ ቤት ስመለስ ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ቆሜ ሳስብ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ሎርዱ ፈለጉ፣ ለመኑ፣ ዜሮ አገኙ። እኔ እምቢ አልኩ፣ ሙሉ ድምፅ አገኘሁ። ታዲያ መፍትሔው ምን ይመስላችኋል? እኔም እንደ እሳቸው መለመን ነዋ! ለሹመት ሲቋምጥ የታየ ሰው በእኛ ሕዝብ ፊት አለቀለት። እንደዚያን ቀን የመኪናዬን መሪ እየደበደብኩ የዘፈንኩበት ጊዜ የለም።

በጉባኤው ቀን የሎርዱ ልጅ ሥራ ስለነበራት ብቻቸውን ልተዋቸው አልቻልኩም፤ ይዣቸው ሄድኩ። እሳቸውም ምርጫ ማየት ይወዳሉ። ማን እንደሆኑ ስናገር የፊት ረድፍ ተለቀቀላቸው። የዕድሩ ታላቅ አባል እማማ ዘነበች ድፎ ዳቦ ቆርሰው አጎረሷቸው። ሎርዱ በሕይወታቸው ከሰው እጅ የጎረሱ አይመስለኝም፤ አፋቸውን ግን በሥርዓት ከፈቱ።

ተነሣሁ። «ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዘንድሮ እምቢ አልልም። ሊቀመንበርነቱን እፈልገዋለሁ። በጣም እፈልገዋለሁ» አልኩ።  አስቴር ከኋላ ቀና ስትል አየኋት። ምነው እዚያው ላይ ባቆምኩ! ላሳምረው ብዬ ጨመርኩበት። «አንድ ዓመትም አይበቃኝም። ዕድሜ ልኬን ነው የምፈልገው። ስሞትም እንደ እኚህ እንግሊዛዊ ጌታ ለልጄ ለሜሮን ይተላለፍልኝ።»

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። በልቤ አበቃልኝ፣ ተመስገን አልኩ። እማማ ዘነበች ምርኩዛቸውን ይዘው ብድግ አሉ። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

«ልጄ ታምሩ» አሉ፤ «ስምንት ዓመት ሙሉ እለቃለሁ እያልክ ስታስጨንቀኝ ኖርክ። እሱ ከወረደ ማን ይቀብረኛል እያልኩ እንቅልፍ አልነበረኝም። ዛሬ አሳረፍከኝ። እኔ ብቆይና አንተ ብትቀድመኝም ልጅህ አለችልኝ።»

እልልታውን አቀለጡት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ወጣቱ ጸሐፊያችን «ጋሽ ታምሩ፣ ባይሎው ላይ አድ አደርገዋለሁ፣ ዶንት ዎሪ» እያለ መተዳደሪያ ደንባችን ላይ ይጽፋል። ተቃውሞ ተባለ፤ አንድ እጅ ተነሣ። የአስቴር ነበር።

ሎርዱ ምን እንደተወሰነ ጠየቁኝ። ተረጎምኩላቸው። እሳቸውም፣ ቤተሰቤ ይህን ለማግኘት ለንጉሥ ሁለት ጦርነት ዘምቷል፣ አንተ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስከው ብለው እጄን ጨበጡኝ። ዓይናቸው ላይ ቅናት ነበር። ልሰጣቸው ቢቻል ኖሮ እዚያው አስረክቤያቸው እገላገል ነበር።

አስቴር እንዳለችው ሻንጣዋን ይዛ ጌይተርስበርግ ገባች። ቤቱ ጭር አለብኝ። ከወንበሮቹ አንዱን አውጥቼ ሳሎን ተቀመጥኩ። በብስጭት ስልኬንም ዘጋሁት፤ በስምንት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን በሩ ተከፈተና አስቴር ከነሻንጣዋ ገባች። ይቅር ያለችኝ መስሎኝ ላቅፋት ተነሣሁ።

«ቁጭ በል» አለችኝ። «አንተ ስትዘጋ ለወራሿ መደወል ጀምረዋል። ልጅቷ ሥራ ቦታዋ ላይ ስለ ድንኳን ትጠየቃለች። ‹ማም፣ ጎ ሆም ኤንድ ቴል ሂም ቱ ፒክ አፕ ሂዝ ፎን› ብላ፣ ስልክህን እንድታነሣ እንድነግርህ አባረረችኝ።» ይህን ብላ ጋራዥ ገባች። ሌላ የፕላስቲክ ወንበር አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሁለታችንም ደክሞን ነበር። ስልኬን ከፈትኩት።

ወራት አለፉ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ሎርዱ ናቸው። ለአምስተኛ ጊዜ ተወዳድረዋል። የእኔን የስምንት ዓመት እምቢታ አጫውቻቸው ስለነበር፣ በዚህኛው ንቡን በሙሉ አውጥተው፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ ጤናዬም ደህና አይደለም፣ እባካችሁ ሌላ ሰው ምረጡ ብለው ነበር ያስጻፉኝ። «ታምሩ፣ ሁለት ድምፅ!» ብለው እንደ ልጅ ጮኹ። «ሁለት!»

አስቴር ከወጥ ቤት፣ «ደግሞ ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም» አልኳት። «ሎርዱ እምቢ ማለት ለመዱ።»